መኪና በግል ሲሸጥ፦ ከገዢው የመጀመሪያ ስልክ እስከ ቁልፍ ማስረከብ

መኪና መሸጥ ማስታወቂያ አውጥቶ ገንዘብ መቀበል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ አባቶችና እናቶች ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ከ70 ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የሐኪም ማረጋገጫና የዓይን ምርመራ ስለሚጠየቅ፣ "ከእንግዲህስ መንዳቱ ይብቃኝ" ብለው መኪናቸውን ለመሸጥ የሚወስኑ አሉ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ያ መኪና ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ንብረት ነው። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለልጅ ሠርግ፣ ለልጅ ልጅ ትምህርት ወይም ለክፉ ቀን የታሰበ ይሆናል። በአንድ የሐሰት ቼክ፣ ወይም በሙከራ ጉዞ ላይ በደረሰ አንድ አደጋ፣ ያ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

ለገበያ ጥንቃቄ ግን ሽማግሌዎቹ እንግዳ አይደሉም። በጎንደር ገበያ በሬ ሲሸጥ ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ኮቴውን ይመረምራል። በቅሎ ከሆነች ደግሞ ወጥቶባት አረማመዷን ይሞክራል። ሻጩም ልጓሙን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ዞር አይልም። ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ ቀብድ ይያዛል። በእስራኤልም የመኪና ሽያጭ መሠረቱ ያው ነው። የተለወጠው ወረቀቱና መሥሪያ ቤቱ ነው።

ስልኩ ከመጮሁ በፊት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዋጋው ነው። በአገሩ ያገለገለ መኪና የሚሸጥና የሚገዛ ሁሉ መነሻ የሚያደርገው "መሒሮን ሌቪ ይጽሓቅ" የሚባለውን የዋጋ ዝርዝር ነው። ዋጋው መኪናው በተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ በስንተኛ እጅ እንዳለ ("ያድ ሪሾና"፣ "ያድ ሽኒያ" እንደሚባለው)፣ ቀድሞ የኪራይ ወይም የድርጅት መኪና እንደነበረና እንዳልነበረ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ሰው፣ ገዢው ቁጥር ሲጠራ አይደናገጥም።

ሁለተኛው መኪናው ከዕዳ ነጻ መሆኑ ነው። በብድር የተገዛ መኪና ላይ "ሺዕቡድ" ሊኖር ይችላል። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ "ዒኩል" ሊጣልበት ይችላል። እነዚህ ሳይነሱ ባለቤትነቱ አይዛወርም። ከ"ቢቱአሕ ሌኡሚ" በመንቀሳቀስ ድጎማ የተገዛ መኪና ከሆነም፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ያሻል፤ በመኪናው ላይ የቆመ ብድር ሊኖር ይችላልና።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ኢንሹራንሱ ነው። የ"ሚኪፍ" ወይም የ"ጻድ ጊሜል" ውል ማን መንዳት እንደሚችል ይወስናል። አንዱ ውል ከ24 ዓመት በላይ ላለ ሁሉ ይፈቅዳል፤ ሌላው ከ30 በላይ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ስማቸው ለተጻፈ ሰዎች ብቻ ነው። አባት ብቻውን ለሚነዳው መኪና ርካሽ ውል ገዝቶ ከሆነ፣ ሊሞክር የመጣው የ22 ዓመት ወጣት በጉዞ ላይ ቢጋጭ ኢንሹራንሱ የመኪናውን ጉዳት ላይከፍል ይችላል። ስለዚህ ለኢንሹራንስ ወኪሉ ደውሎ "መኪናዬን ልሸጥ ነው፣ ሊሞክር የሚመጣ ሰው ቢነዳው ይሸፈናል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን በጽሑፍ መቀበል ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

ለሚመጣው ጥያቄ ምን ይመለሳል?

ማስታወቂያው እንደወጣ መልእክቱ ይጎርፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ "መጨረሻው ስንት ነው?" የሚል ነው። መኪናውን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚያስወርድ ሰው፣ መጥቶ ካየ በኋላ እንደገና ማስወረዱ አይቀርም። "መጥተህ እየው፣ ከወደድከው እንነጋገራለን" የሚለው መልስ ይበቃዋል።

ቁም ነገር ያለው ገዢ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ቴስቱ እስከ መቼ ነው? አደጋ ደርሶበታል ወይ? ጥገናው የት ተሠራ? ስንት ባለቤት ነበረው? ለእነዚህ እውነቱን መመለስ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በ1973 የወጣው የውል ሕግ ውል በቅን ልቦና እንዲደረግ ያዛል። በማታለል የተደረገ ውልም ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። በ1968 የወጣው የሽያጭ ሕግም ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት በቀላሉ አያልፈውም። ሻሲው ተመትቶ የተጠገነ መኪና "ምንም አልነካውም" ተብሎ ቢሸጥ፣ ነገሩ ከወራት በኋላ በፍርድ ቤት ደብዳቤ ሊመለስ ይችላል።

የማይመለስ ጥያቄም አለ። ገዢ ነኝ ባዩ የታርጋ ቁጥር ቢጠይቅ ችግር የለውም። በዚያ ቁጥር የመኪናውን ሞዴል፣ የምርት ዓመትና የቴስት ቀን ከመጓጓዣ ሚኒስቴር መረጃ ማየት ይችላል። የ"ቴዑዳት ዜሁት" ፎቶ፣ የባንክ ካርድ ቁጥር፣ ወይም "አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ" ካለ ግን ገዢ አይደለም። በዚያ ኮድ ዋትስአፕን ወይም የባንክ ሒሳብን መንጠቅ ይቻላል። "ገንዘቡን ለመቀበል ይህን ይጫኑ" የሚል መልእክትም እንዲሁ ነው፤ ገንዘብ ለመቀበል የካርድ ቁጥር መስጠት አያስፈልግም። ዕብራይስጡ ፈጥኖ የማይገባቸው ወላጆች ማስታወቂያው ላይ የልጃቸውን ስልክ ቢያስገቡ ከብዙ ጣጣ ይድናሉ።

የሙከራው ጉዞ

ቀጠሮው በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ በገበያ ማዕከል ማቆሚያ ቢሆን ይመረጣል። ሻጩ ብቻውን ባይሆን ጥሩ ነው፤ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮ ይቆማል። አንዳንዱ ገዢ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል "አሁኑኑ ልምጣ" ይላል። በዚያ ሰዓት ባንክም ፖስታ ቤትም ስለሚዘጋ ምንም ነገር ማጣራት አይቻልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እሑድ ይደርሳል ማለት ይሻላል።

ገዢው ሞተሩን ቀዝቅዞ እንዲያገኘው ቢጠይቅ ትክክል ነው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያወጣውን ጭስ ይደብቃል። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀው ጥርጣሬ ያመጣበታል።

ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ሻጩ የገዢውን መንጃ ፈቃድና መታወቂያ አይቶ፣ ጊዜው አለማለፉንና የፎቶው ሰው እሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ይህ ንቀት አይደለም። በእስራኤል የትራፊክ ሕግ፣ ሌላ ሰው መንዳቱ ካልተረጋገጠ፣ ጥፋቱ የሚቆጠረው በመኪናው ባለቤት ላይ ነው። በሙከራው ጊዜ ካሜራ ፎቶ ቢያነሳ ደብዳቤው የሚመጣው ለሻጩ ነው፤ ያቺ ወረቀት ያኔ ታድነዋለች። አደጋ ቢደርስ "ሂሽታትፉት ዓጽሚት" የሚባለውን ከኪስ የሚወጣ ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም አስቀድሞ መስማማት ነው።

ኮዳን ያለው መኪና ከሆነ ቁጥሩን የሚነካው ሻጩ ራሱ ነው፤ ገዢው ቁጥሩን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ትንሽ ነድቶ ያሳየዋል። ከዚያ ቦታ ሲቀያየሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ይወርዳል። ሞተሩ እየሠራ፣ ቁልፉ ውስጥ እያለ መውረድ መኪናን አሳልፎ የመስጠት ያህል ነው። "ብቻዬን ልሞክረው" የሚል ገዢ ቢመጣ መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ሻጩ ከጎኑ ይቀመጣል። ከገዢው ጋር አንድ ሰው ከኋላ ቢገባ ይበቃል፤ ሦስት የማይታወቁ ሰዎች አንዲትን እናት ከበው የሚሄዱበት ጉዞ አያስፈልግም።

መንገዱን የሚመርጠው ሻጩ ነው። ጥቂት ዳገት፣ ጥቂት ጉብታ፣ ፈጠን ተብሎ የሚሄድበት አጭር መንገድ ካለው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፍሬኑንም ማርሹንም መሪውንም ለማወቅ ይበቃል።

ምርመራውና ክርክሩ

ገዢው መኪናውን ወደ "ማኮን ብዲካ" ልውሰደው ቢል መልካም ምልክት ነው። በተለምዶ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ወደዚያ የሚነዳው ግን ሻጩ ቢሆን ይሻላል። እዚያ የሚሰጠው ወረቀት ረጅም ነው፣ ሁሉም መስመር ግን እኩል አይደለም። የዘይት ማንጠብጠብና ያለቀ ጎማ ዋጋ ያስቀንሳሉ። የሻሲ ጉዳት ግን ጠቅላላ ሽያጩን ሊያስቀር ይችላል። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ስለሆነ፣ የሚያነብ ልጅ አጠገብ ሳይኖር ዋጋ ማስወረድ አይገባም።

ገዢው ቀብድ ልስጥ ካለ፣ መጠኑና የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ይቀመጥ። "ዚክሮን ድቫሪም" ተብሎ የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀት በሕግ እንደ ሙሉ ውል ሊቆጠር ይችላል። "ለማስታወሻ ነው" እየተባለ ሳይነበብ የሚፈረም ነገር አይደለም።

ገንዘቡና ስሙ

ሽያጩ የሚያልቀው ቁልፍ ሲሰጥ ሳይሆን "ሃዓቫራት ባዓሉት"፣ ማለትም የባለቤትነት ዝውውሩ፣ ሲፈጸም ነው። ሻጭና ገዢ መታወቂያቸውንና የመኪናውን "ሪሽዮን" ይዘው አብረው ወደ ፖስታ ቤት በመሄድ ያስፈጽማሉ። በመንግሥት ድረ ገጽ በኩልም ይቻላል። "አንተ ፈርምልኝ፣ እኔ በኋላ አዛውረዋለሁ" የሚል ገዢ መኪናውን ይዞ ከሄደ፣ የማቆሚያ ቅጣቱም፣ የ"ክቪሽ ሼሽ" ክፍያውም፣ የፍጥነት ክሱም ወደ ሻጩ ቤት ይመጣል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ያኔውኑ አብሮ ሄዶ ማዛወር ነው።

ክፍያው በባንክ ዝውውር ከሆነ፣ ገዢው በስልኩ የሚያሳየው ፎቶ ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ማለት በሻጩ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ የታየው ነው። በባንክ ቼክ ከሆነም፣ ሻጩ ከገዢው ጋር ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ ቼኩ ሲወጣ በዓይኑ ማየቱ ይመረጣል። ካልሆነም ባንኩን ራሱ ባገኘው ስልክ ይጠይቃል፤ ገዢው በሰጠው ቁጥር አይደለም። በጥሬ ገንዘብ መገበያየትን ከ2019 ጀምሮ ሕግ ስለሚገድበው፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ከባንክ መጠየቅ ይገባል።

ስሙ ከተዛወረ በኋላ ሻጩ የዝውውሩን ማረጋገጫ ኮፒ ያስቀምጣል። ለኢንሹራንሱ ደውሎ የቀረውን ጊዜ ገንዘብ እንዲመልሱለት ይጠይቃል። መኪናውን ከፓንጎ ወይም ከሴሎፓርክ ያስወጣል፤ የአካል ጉዳተኛ ምልክት ካለውም ከመስታወቱ ላይ ያነሣል። ገዢውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በራሱ ስም "ቢቱአሕ ሖቫ" ሳይዝ መንዳት አይችልም፤ የሻጩ ኢንሹራንስ ለእሱ አይሠራም። "ኢንሹራንስ ገዝተሃል ወይ፣ ልጄ?" ብሎ መጠየቅና ወረቀቱን አይቶ ቁልፉን መስጠት ለሁለቱም ይበጃል።