ፎርማት ከተደረገ በኋላ የጠፋው አስተርጓሚ

ባለፈው ክረምት ዲላ ውስጥ አንድ የምህንድስና ተማሪ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ወላጆቹ ሬኮ በሚባል ቦታ ቡና አምራቾች ናቸው፤ ላፕቶፑም የተገዛው በቡና ገንዘብ ነው። ፎርማት ካስደረገው ወዲህ ፊደሉ ተነፋፍቷል፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ አልተቻለም፣ አውቶካድ ላይ የሠራውን ቤት ሲያዞረው ምስሉ ይቆራረጣል። «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብለውታል።

የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ከፈትን። የካርዱ ስም ሊኖር በሚገባው ቦታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ካርዱ ደህና ነበር፤ የጠፋው ድራይቨሩ ነው።

የዲላን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጌዴኡፋ ብቻ የሚናገር ባለቡናና አማርኛ ብቻ የሚሰማ ገዢ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው መሃል ካልገባ በጣት ቆጠራ ነው የሚግባቡት። ድራይቨርም በዊንዶውስና በግራፊክስ ካርዱ መሃል ያለ አስተርጓሚ ነው። ሥራው ከባድ ነው፦ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ቀለሙን ማግኘት አለበት። አስተርጓሚ ሲጠፋ ዊንዶውስ ማንኛውም ካርድ በሚረዳቸው ጥቂት ቃላት ይሠራል፣ ሥዕል የማስላቱም ሸክም ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ምስሉ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ቢኖር ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ተማሪው ግን ዳታ እንዳያልቅበት አፕዴቱን ዘግቶት ኖሯል። አልፈርድበትም፤ የካርድ አምራቹ የኤንቪዲያ ድራይቨር ብቻውን ከግማሽ ጊጋባይት ይበልጣል።

ብዙ ላፕቶፖች፣ የእሱም ጭምር፣ ሁለት ግራፊክስ አላቸው፦ አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለና ባትሪ የሚቆጥብ፣ ሌላው ለከባድ ሥራ የሚነሳ። የየራሳቸውን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከላፕቶፑ ጀርባ የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ስም አይቶ መጀመሪያ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ መሄድ ይሻላል፤ አምራቹ ለዚያ ሞዴል የፈተነው እዚያ ነው የሚገኘው።

ደህና የሚሠራን ድራይቨር አዲስ ወጣ ተብሎ ብቻ መቀየር ግን አልመክርም። አዲስ ፕሮግራም ሲጠይቀው፣ የደህንነት ቀዳዳ ሲደፈን፣ ወይም ስክሪኑ ድንገት ጠቁሮ እየተመለሰ ሲያስቸግር ይቀየር። ይህ መጥቆር ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ 2 ሰከንድ ጠብቆ ከካርዱ መልስ ሲያጣ ድራይቨሩን እንደገና ሲያስነሳው የሚታይ ነው። አዲሱ ካልተስማማ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ የቀድሞውን ይመልሳል። መብራት በመሃል ሊሄድ ስለሚችል ባትሪውን አስቀድሞ መሙላት ነው።

እኛም ባትሪውን ሞልተን፣ ሁለቱን ድራይቨሮች በካምፓስ ዋይፋይ አውርደን ጫንን። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ልጁ ትንፋሹን ያዘ። ሲበራ ፊደሉ ቀጥኖ ጠርቷል። መጀመሪያ የነካው የብርሃን ቁልፉን ነበር፤ ከዚያ አውቶካድን ከፍቶ ቤቱን በቀስታ፣ ሙሉ ዙር አዞረው።