መድኃኒቱ ሲያጥር ጥርጣሬው ሲሰፋ

በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ላይም በምትባል ከተማና በአካባቢዋ፣ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብዙ ልጆች ጉልበት እያበጠ መራመድ አቃታቸው። ነገሩን ለጤና ባለሥልጣናት ያደረሱት እናቶች ነበሩ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ የተላኩት ዶክተር አለን ስቲር በመጀመሪያ አዲስ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ብለው ያዙት። ጥፋተኛውን በመዥገር ሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኙት ዊሊ ቡርግዶርፈር ሲሆኑ፣ ግኝታቸው በ1982 ታተመ። ቦሬሊያ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነበር። የቦሬሊያ ዘር ለእኛ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ከዚያው ወገን ነው። ግርሻን ያከመ ሰው መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛውን የሚያንዘፈዝፈውን ብርድ አይረሳውም። በከተማዋ ስም በተጠራው የላይም በሽታ በተያዙ አንዳንድ ሰዎችም ላይ ቀለል ብሎ ይታያል።

ባክቴሪያው ከታወቀ በኋላ ክርክሩ መድኃኒቱ ለስንት ቀን ይሰጥ ወደሚለው ዞረ። በ2001 ሁለት ነገሮች ተለዩ። መዥገር ከተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ አንድ የ200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን በሽታውን በእጅጉ እንደሚከላከል ታየ። በሌላ በኩል፣ ከታከሙ በኋላ ድካምና ቁርጥማት ያልለቀቃቸው ሰዎች ለ90 ቀን መድኃኒት ቢሰጣቸውም ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት የተሻለ አልሆነላቸውም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2016 የታተመው ጥናትም፣ ተጨማሪ 12 ሳምንት ሕክምና ጥቅም እንዳላሳየ ደመደመ። በ2020 በወጣው መመሪያ ገና በቆዳ ላይ ያለ ላይም በዶክሲሳይክሊን 10 ቀን፣ በአሞክሲሲሊን 14 ቀን ይበቃዋል፤ 28 ቀን የሚያስፈልገው መገጣጠሚያ ከተነካ ነው። ድካሙና ቁርጥማቱ ያልለቀቃቸው ሰዎች ስቃይ እውነት ነው፤ መድኃኒት ማራዘም ግን መልሱ አልሆነም።

በእኔ እይታ ከቀኑ ቁጥር ይልቅ ቸል የተባለው ጥያቄ መዥገሩ ሌላ ምን ይዞ ነበር የሚለው ነው። በ1969 በናንተኬት ደሴት ባቤዢያ የተባለ የደም ጥገኛ ተውሳክ በሰው ላይ ተገኘ። በ1994 አናፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ታወቀ፤ እሱን ዶክሲሳይክሊኑ ራሱ ያድነዋል። ፖዋሳን ግን ቫይረስ ነውና እስካሁን መድኃኒት የለውም። ሁሉም በአንድ ንክሻ ሊመጡ ይችላሉ።

ባቤዢያ ለእኛ ሰው ልዩ ትኩረት ይሻል። ባክቴሪያ ስላልሆነ ዶክሲሳይክሊን አይነካውም፤ የሚታከመው አቶቫኮንና አዚትሮማይሲን ተጣምረው ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደ ወባ ቀለበት ይሠራል። ልምድ ያለው ላብራቶሪ የሚለየው የወባን ቡናማ ቀለም ሲያጣና አንዳንዴ አራት ሆነው በመስቀል ቅርጽ ሲያገኛቸው ነው። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ሰው ክረምቱን አገር ቤት ቆይቶ ሲመለስ ቢያተኩሰው፣ ሐኪሙም እሱም ወባ ማለታቸው ተገቢ ነው። በሣር ግቢ ውስጥ መዋሉን ወይም ጫካ መሄዱን ግን አብሮ መናገር አለበት። ጣፊያ የሌለውንና በዕድሜ የገፋውን በሽታው ሊገድል ይችላል።

ሐኪም ድርብ በሽታ እንዲጠረጥር የሚያደርጉት ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ የላይም መድኃኒት ተጀምሮ ከ48 ሰዓት በላይ የማይበርድ ትኩሳት፣ የነጭ የደም ሕዋስ ወይም የፕላትሌት መቀነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ። በቆዳ ላይ የሚወጣው የላይም ቀይ ክብ በጥቁር ቆዳ ላይ ደብዝዞ ስለሚታይ በቀላሉ ይታለፋል። አብዛኛውን በሽታ የምታስተላልፈው ያልጎለመሰች መዥገር ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ከጉልበት ኋላና ከብብት ሥር ተለጥፋ ሳትታይ ትቆያለች። ስትገኝ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በክብሪት ማቃጠል አይበጅም።

በ1998 ተፈቅዶ የነበረው የላይም ክትባት በ2002 ከገበያ ወጣ፤ ፈላጊም አነሰው፣ ክስም በዛበት። ፋይዘርና ቫልኔቫ የሌላ ክትባት የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ በ2022 ጀምረዋል። ያም ቢሆን የሚያነጣጥረው ቦሬሊያን ብቻ ነው፤ ባቤዢያንም ሆነ ፖዋሳንን አያግድም።