እጅ እግር በሆነ ጊዜ መብራቱን ማን ይይዛል?

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ጥቂት ፈቀቅ ብላ በታላቁ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ የተቆረቆረች ናት። የቡጋንዳ ሰዎች ሐይቁን በገዛ ቋንቋቸው ናሉባሌ ይሉታል። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ሳይለይ ፀሐይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የአገሩ ሰዎችም እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር ለመግባባት ችግር የለብንም። ይሁን እንጂ ድንግዝግዝታው እጅግ አጭር ነው፤ ቀኑ መሸ ሲሉት ወዲያው ይጨልማል።

ከዕለታት በአንዱ ምሽት ከካባላጋላ ሠፈር ተነሥተን ወደ ሐይቁ ዳር ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፣ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በሁለት እጁ እየዘወረ የሚጓዝ አንድ ጎልማሳ ከፊታችን አየን። እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ በልጅነቱ በፖሊዮ ሕመም እንደ ተጎዱ ኋላ ነግሮናል። አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ መንገዱን ያበራል። ቁልቁለቱ ላይ በደረሰ ጊዜ አንድ ቦዳ ቦዳ፣ ማለት በዚያ አገር ሰው በኪራይ የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ከኋላው መጥቶ በአንድ ክንድ ርቀት ታክኮት አለፈ። ሰውዬው ለመጮኽ አፉን ቢከፍት ባትሪው ወደቀ፤ መንገዱም ጨለመበት።

ባትሪውን አንሥተን ብንሰጠው፣ «አመሰግናለሁ ሰቦ» አለን። ሰቦ ማለት በሉጋንዳ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው። ቀጥሎም እየሣቀ፣ «አፍ ለመብራት ከዋለ ለጩኸት አይገኝም» ሲል ተናገረ። እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም።

ይህን ነገር ጠልቆ መዋኘትን በቀይ ባሕር ለተማረ አንድ ወዳጃችን ብናጫውተው፣ «ይህ እኮ የሌሊት ጠላቂዎች ጥያቄ ነው» ሲል መለሰልን። በመጀመሪያ ነገሩ ሩቅ ለሩቅ መስሎን ነበር፤ ካስረዳን በኋላ ግን አንድ መሆኑን ተረዳን። እንግዲህ ከእርሱ የሰማነውንና ራሳችንም መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ጠላቂ የሚባለው የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ በአፉ በነከሰው መሣሪያ እየተነፈሰ ከውኃ በታች የሚዋኝ ሰው ነው። እግሩ ደኅና የሆነ ጠላቂ በእግሩ ባጠለቀው መቅዘፊያ ይሄዳል፤ እጁም ሥራ ፈት ስለሆነ ሌሊት መብራት ይይዝበታል። እግሩ የማይታዘዝለት ጠላቂ ግን የሚቀዝፈው በክንዱ ነው፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ በጣቶቹ መካከል እንደ ዳክዬ እግር የተሸፈነ ጓንት ያጠልቃል። እጁ እግሩ ሆነ ማለት ነው። መብራቱን በጥርሱ ልያዝ ቢል ደግሞ አፉ መተንፈሻውን ነክሷል። ስለዚህ ለዚህ ሰው መብራት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቱ መብራት ይበልጥ ያበራል የሚለው አይደለም፤ ከሰውነቱ ሥራ ያልያዘው ክፍል የቱ ነው የሚለው ነው።

አካል ጉዳተኛ በባሕር ውስጥ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ጂም ጋታክር የተባሉ ሰው አካል ጉዳተኞች ጠልቆ መዋኘትን የሚማሩበትን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ነው። ይህ ማኅበር ተማሪውን የሚመድበው በጉዳቱ ስም ሳይሆን በችሎታው ነው፤ ይኸውም ራሱን መርዳት ይችላልን? ጓደኛውንስ መርዳት ይችላልን? እያለ ይፈትነዋል። በውጤቱም መሠረት አንዱ ከአንድ ጓደኛ ጋር እንዲጠልቅ ሲፈቀድለት፣ ሌላው ከሁለት ጓደኞች ጋር፣ ሦስተኛው ደግሞ አንደኛው የማዳን ሥልጠና ካለው ከሁለት ጓደኞች ጋር ብቻ እንዲጠልቅ ይደረጋል። በኡጋንዳም ቢሆን ውኃ ለአካል ጉዳተኛ እንግዳ አይደለም። የቀኝ ክንዷ ከክርኗ በታች ሳይኖር የተወለደችው ዋናተኛ ሁስና ኩኩንዳክዌ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የፓራሊምፒክ ጨዋታ በደረት ዋና ስትወዳደር 14 ዓመቷ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹም ሁሉ በዕድሜ ታናሿ እርሷ ነበረች።

ወደ መብራቱ እንመለስ። መብራትን ያለ እጅ ለመሸከም የተለመዱት ሦስት ቦታዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ራስ ነው። በቆብ ወይም በመነጽሩ ማሰሪያ ላይ የተሠካ መብራት ዓይን ወደ ዞረበት ሁሉ አብሮ ይዞራል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ጠላቂው ጓደኛውን ለማየት ፊቱን ባዞረ ቁጥር የጓደኛውን ዓይን ያጥበረብራል። ከዚህም በቀር ውኃው የደፈረሰ እንደሆነ፣ መብራቱ ለዓይን ቅርብ ስለሆነ፣ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይኑ ይረጨዋል፤ በጉም ውስጥ የመኪናውን ረጅም መብራት ያበራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሁለተኛው የእጅ ጀርባ ነው። መብራቱ በማሰሪያ ከእጅ ጀርባ ላይ ይታሠራል፤ መጨበጥም አያስፈልግም። ጣቶቹ ለደከሙበት ሰው ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እጁ በቀዘፈ ቁጥር ብርሃኑ አብሮ ስለሚወዛወዝ፣ በክንዱ ብቻ ለሚሄድ ሰው አይረጋለትም።

ሦስተኛው ደረት ወይም ትከሻ ነው። በዚህ ቦታ የታሠረ መብራት ይረጋል፤ ከዓይን ራቅ ስለሚልም የብናኙ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ጉድለቱ ዓይንን ተከትሎ አለመዞሩ ነው። ስለሆነም ፍጹም የሆነ ቦታ የለም፤ የሚሻለውን የሚወስኑት የሰውዬው አካልና የውኃው ጥራት ናቸው።

የቱም ቦታ ቢመረጥ ጠላቂዎች የሚጠብቋቸው ደንቦች አሉ። መብራቱ ወደ ውኃ ከመግባት በፊት ይበራል፤ በጨለማ ውስጥ ጠባብ ቁልፍ መፈለግ ለደከሙ ጣቶች ከባድ ነውና። ዋናው መብራት ቢጠፋ የሚተካው ሌላ መብራት አብሮ ይያዛል። አሠራሩም ሁሉ አስቀድሞ በቀን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይሞከራል። ጠላቂዎች ሌሊት የሚነጋገሩት በብርሃን ስለሆነ ምልክቱን በየብስ ሳሉ ይስማሙበታል፤ ብርሃንን በዝግታ በክብ ማዞር ደኅና ነኝ ማለት ሲሆን፣ ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወናጨፍ ግን ችግር ደረሰብኝ፣ እዩኝ ማለት ነው። በመጨረሻም በጀርባቸው በተሸከሙት የአየር ጋን ላይ ሌላ ትንሽ መብራት ያንጠለጥላሉ። ይህ መብራት ለጠላቂው ምንም አያሳየውም፤ ጓደኞቹ ግን እርሱን ያዩበታል።

ይህ ሁሉ የተቻለው መብራት ስላነሰና ስለቀለለ ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉት የጃፓን ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት፣ ጥቂት ኃይል ብቻ የሚፈልገውን ነጭ መብራት ለመሥራት ያስቻለውን ሰማያዊ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ስለፈለሰፉ ነው። ዛሬ በግንባር የሚታሠረው ትንሽ ባትሪ የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው።

የናሉባሌ ሐይቅ ለመዝናናት ጠልቆ ለመዋኘት የሚመች አለመሆኑን ግን መናገር ይገባል። በዳርቻው ውኃው ድፍርስ ነው፤ የቢልሃርዚያ በሽታም አለበት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,130 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነም የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ያነሰ ነው፤ በዚህም ምክንያት ጠላቂ በባሕር የተማረውን የጥልቀትና የጊዜ ሒሳብ እንዳለ ሊሠራበት አይችልም። በጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ከፍታው ከዚህ ይበልጣል።

የሆነ ሆኖ የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች መብራትን ከእጅ የማላቀቅን ብልሃት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። ሙኬኔ የሚባል ብርማ ትንሽ ዓሣ አለ፤ በኬንያ ኦሜና፣ በታንዛንያም ዳጋ ይባላል። አጥማጆቹ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ማሾአቸውን በሚንሳፈፍ ነገር ላይ አድርገው በውኃው ላይ ይለቁታል፤ ዓሣው በብርሃኑ ዙሪያ ሲሰበሰብ እነርሱ በሁለት እጃቸው መረቡን ይስባሉ። ዛሬ ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት የማሾውን ቦታ እየያዘ ነው። ብርሃን ግን የሚጠራው ዓሣን ብቻ አይደለም፤ ከሐይቁ እንደ ጭስ የሚነሣው የሐይቅ ዝንብም ይከተለዋል።

እኛም ይህን ሁሉ ትምህርት ይዘን፣ በግንባር የሚታሠር ባትሪ ከገበያ ገዝተን ያንን ሰው ፍለጋ ሄድን። በካንሳንጋ ሠፈር በመንገድ ዳር የስልክ ካርድ ሲሸጥ አገኘነውና ሰጠነው። ባለ ላስቲኩን ባትሪ በግንባሩ አሥሮ እጅግ አመሰገነን፤ እኛም ትልቅ ነገር እንደ ሠራን አድርገን ወደ ቤታችን ተመለስን።

በሳምንቱ ብናየው ባትሪው በግንባሩ የለም። ከብስክሌቱ የፊት ጎማ በላይ በጎማ ክር ጠፍሮ አሥሮታል። ስለ ምን አወረድከው ብለን ብንጠይቀው እንዲህ ሲል አስረዳን። «ሰቦ፣ በራሴ ላይ ሲሆን ዝንቡ ሁሉ ወደ ዓይኔና ወደ አፌ ይመጣል። ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ብል ዓይኑን አጠፋዋለሁ። ከታች ሲሆን ግን ጉድጓዱ ጥላ ስለሚጥል አስቀድሜ አየዋለሁ።» ጥቂት ዝም ካለ በኋላም ይህን ጨመረ፦ «ደግሞም ስጦታውን ማቃለሌ አይደለም፤ እኔ ይበልጥ የምፈልገው ለኋላዬ ቀይ መብራት ነው። ይህን መንገድ እኔ በልቤ አውቀዋለሁ፤ መንገዱ ግን እኔን አያውቀኝም።»

በዚህ ንግግር አፈርን። የጠላቂውን የጀርባ መብራት ነገር ከወዳጃችን ሰምተን ሳለ፣ ያ ሞተር ብስክሌት የመጣበት ከኋላው መሆኑንም በዓይናችን አይተን ሳለ፣ ለማየት የሚረዳውን ብቻ ገዝተን ለመታየት የሚረዳውን ረስተን ነበር። ጉድለታችን ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱን አለመጠየቃችን ነው።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቀዋል። የስምምነቱ ሃያኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኛ በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስበት ሁኔታ እንዲመቻችለት ያዝዛል። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን አንቀጽ ስናነብ የምናስበው ብስክሌቱን ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩን ነው። ነገር ግን ፀሐይ በአንድ ሰዓት በምትጠልቅበት አገር መብራት የሌለው ብስክሌት የቀን ብቻ ብስክሌት ነው፤ የባለቤቱም ነፃነት ከፀሐይ ጋር አብሮ ይጠልቃል። ስለዚህ የግዥ ዝርዝር የሚጽፍ ሹም ሁሉ ብስክሌት ብሎ በጻፈበት መስመር የፊት መብራት፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ልጣፍ ብሎ ቢጨምርበት መልካም ነው፤ ዋጋው ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በቤት ውስጥም እጁን ለክራንች ወይም ለምርኩዝ ያዋለ ዘመድ ያለው ሰው፣ ማታ ወደ ደጅ ሲወጣ መብራቱን በምን እንደሚይዘው አስቀድሞ ይጠይቀው።

ቀዩን መብራት በማግሥቱ ገዝተን አደረስንለት። ቦታውን ግን ራሱ መረጠ፤ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከቦዳ ቦዳ ነጂ ዓይን ጋር ትክክል በሚሆን ከፍታ ላይ አሰረው። ሲመሽ በቁልቁለቱ ላይ ሲወርድ ከኋላው ቆመን አየነው። አንድ ሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣና ቀዩን ብርሃን ባየ ጊዜ ወደ መንገዱ መካከል ፈቀቅ ብሎ አለፈ። ሰውዬውም የሚያውቀውን ሰው በመንገድ ዳር አይቶ ኖሮ፣ እጆቹን ከመዘውሩ ሳያነሣ፣ ባዶ በሆነው አፉ ጮክ ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ ሰማነው።