የበዓል ጎራዴ ይሳላል? ከስለቱ በፊት ብረቱን ማወቅ

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ የካቲት 23 ቀን ደግሞ የዓድዋ ድል በዓል ሲከበር ጎራዴና ጋሻ ይዘው በሽለላና በፉከራ አደባባይ የሚወጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ከሚያዙት ጎራዴዎች መካከል ለትርዒት ብቻ የተሠሩ፣ ስለት የሌላቸው ማስመሰያዎች ይገኛሉ። ከበዓሉ በኋላ እንዲህ ያለውን ጎራዴ አስልቶ በእርጥብ ጭድ ወይም በእንጨት ላይ የመቁረጥ ልምምድ ለማድረግ የሚሻ ሰው ወደ ብረት ሠራተኛ ወይም ወደ ብየዳ ቤት ይወስደዋል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሞረድ ያገኘው ብረት ሁሉ ለጊዜውም ቢሆን ስለት ያወጣል። ነገር ግን ስለት የወጣለት ብረት ሁሉ ምት አይችልም። ለትርዒት የተሠራ ጎራዴ ተስሎ ሲወነጨፍ ከእጀታው ሊነቀል ወይም ከመካከሉ ሊሰበር ይችላል፤ የተነቀለው ስለትም ወደ ቆመው ሰው ይወረወራል። ስለዚህ ‹‹ማን ይሳልልኝ?›› ከማለት በፊት ‹‹ይህ ብረት ምንድን ነው?›› ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ብረቱ እንዴት ይታወቃል?

ልምድ ያለው ብረት ሠራተኛ ጎራዴውን ከመሳሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመረምራል።

የመጀመሪያው ጥንካሬው ነው። ደኅና ሞረድ በስለቱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ሲገፋ ከነከሰና ብናኝ ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው። ሞረዱ ሳይነክስ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ብረቱ በእሳት ግሎና በውኃ ወይም በዘይት ተነክሮ የጠነከረ ነው። ለስላሳ ብረት ቢሳልም ስለቱ በጥቂት ምት ይታጠፋል፣ ይዶለዱማል።

ሁለተኛው ዓይነቱ ነው። ማግኔት ጨርሶ የማይስበው ጎራዴ ከአሉሚኒየም ወይም ከአንዳንድ የማይዝጉ ብረቶች የተሠራ ሊሆን ይችላል። የማይዝግ ብረት ለወጥ ቤት ቢላዋ ይስማማል፤ ቢላዋ አጭር ነውና። እንደ ጎራዴ ረዝሞ ሲሠራና ሲመታበት ግን መለጠጥ ያቅተውና የመሰበር ጠባዩ ያይላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚገኘው ከዓይን ተሰውሮ በእጀታው ውስጥ ነው። በደንብ የተሠራ ጎራዴ የስለቱ ብረት ሳይቋረጥ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፉ ይዘልቅና በምስማር ወይም በመቀጥቀጥ ይታሰራል። በብዙ ማስመሰያዎች ግን ወደ እጀታው የሚገባው ቀጭን ዘንግ ነው፤ እሱም በብየዳ የተያያዘ ይሆናል። ጎራዴ ሲመታ ኃይሉ የሚያርፈው እጀታውና ስለቱ በሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ብየዳው ይለቃል። እጀታው ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ጎራዴ ለመሳል ቀርቶ ለፉከራም አያስተማምንም።

ከሦስቱ በአንዱ የወደቀ ጎራዴ ሳይሳል መቅረት አለበት። ለበዓልም ቢሆን ሕዝብ በተጨናነቀበት አደባባይ የሚያዝ ጎራዴ ዱልዱም መሆኑ ክብሩን አይቀንስበትም።

ስለት የሚወጣው እንዴት ነው?

የአሳሳሉ ሕግ ለጎራዴም፣ ለቢላዋም፣ ለማጭድም አንድ ነው። የሚለያየው የስለቱ ዘዌ ነው። ለወጥ ቤት ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ምት ለሚያርፍበት ጎራዴ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይመረጣል፤ በጣም የሳሳ ስለት ፈጥኖ ይጎረዳልና። ዘዌውን ያለ መሣሪያ ለመገመት፣ ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ ጀርባው ከመሳያው ድንጋይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል 20 ዲግሪ ግድም ይሆናል።

በአንዱ ጎን ሲሳል ቆይቶ በተቃራኒው ጎን ስስና ሻካራ የብረት ቅርፊት ሲወጣ ያ ጎን ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ይገለበጣል። በመጨረሻም ቅርፊቱ በለዘበ ድንጋይ፣ ቀጥሎም በቆዳ ጠፍር ላይ ይነሣል። ቅርፊቱን ለመዳሰስ ጣት ከጀርባ ወደ ስለቱ ተሻግሮ ይነካል እንጂ በስለቱ ርዝመት አይሄድም።

በከተማ የተለመደው ግራይንደር ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ብረቱን ያግላል። የጋለ ጠርዝ በ220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም የገለባ ቀለም፣ በ300 ዲግሪ ግድም ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ሰማያዊ የሆነ የቢላዋ ወይም የማጭድ ጠርዝ ጥንካሬው ቀንሷል፤ ዛሬ ቢቆርጥም ነገ ይደንዛል። ስለዚህ በግራይንደር የሚሳል ብረት በየጥቂት ሴኮንዱ ውኃ ውስጥ መነከር፣ ማለቂያውም በእጅ መሆን ይኖርበታል።

ይህ ምክር በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ገብስና ስንዴ ለሚያጭደው አርሶ አደር የበለጠ ይጠቅማል። በደነዘ ማጭድ የሚያጭድ ሰው አዝመራውን ስለሚጎትት እሸቱ ይረግፋል፣ ጉልበቱም ያልቃል፤ ማጭዱ ሲንሸራተትም የግራ እጁን ያቆስላል። ጥርስ ያለው ማጭድ ሲሆን ጥርሶቹ በተቀረጹበት ገጽ ላይ ሞረድ ማሳረፍ ጥርሶቹን ያጠፋቸዋል።

የአያት ጎራዴ አይነካ

በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው አሮጌ ጎራዴ ከማስመሰያው ይለያል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ስለቶች መካከል በጀርመን ዞሊንገን ከተማ የተሠሩ ይገኙበታል። በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀርጿል፤ እጀታቸውም ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ አለ። እንዲህ ያለውን ብረት በግራይንደር መንካት ጽሑፉን፣ ምልክቱንና የዕድሜውን ገጽ መፋቅ ነው፤ የተፋቀውም አይመለስም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ብየዳ ቤት ከመሄዱ በፊት በአቅራቢያው ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢያማክር ይበጃል። እስከዚያው ጎራዴውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በስሱ ዘይት መቀባት ይበቃል። የቆዳ ሰገባ እርጥበት ስለሚይዝ በክረምት ስለቱን ከሰገባው አውጥቶ ማስቀመጥ ከዝገት ያድናል።

መቁረጥን መለማመድ ለሚሻ

በጃፓን ጎራዴ ቆራጮች የሚለማመዱት ተጠቅልሎ በውኃ በተዘፈዘፈ የሣር ምንጣፍ ላይ ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው በገመድ ተጠፍሮ የራሰ የገብስ ጭድ ነው። ደረቅ እንጨትና አጥንት ስለቱን ይጎርዳሉ፤ ብረቱንም ያስፈነጥራሉ። ልምምዱ ሰው፣ ሕፃንና ከብት በሌለበት ገላጣ ቦታ ይሁን፤ ተመልካችም በስለቱ መስመር ፊት ለፊት ወይም ከኋላ አይቁም።

ለዚህ የሚሆነው ጎራዴ ከማስመሰያው ተስሎ የሚወጣ አይደለም፤ ለሥራው ታስቦ የሚሠራ ነው። ብረት ሠራተኞች ለቢላዋና ለምሳር የሚመርጡት የመኪና ባሌስትራ ብረት በእሳት የሚጠነክርና የሚለጠጥ በመሆኑ ለጎራዴም ይስማማል።

ይህ ዕውቀት በአካባቢያችን አዲስ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ወለቃ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ለአርሶ አደሩ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ የነበሩ እጆች ግን ‹‹ቡዳ›› እየተባሉ ተሰድበዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ያራቀው ባለሙያ ሲጠፋ የሚጎዳው ማጭዱን የሚያስለው ገበሬ ጭምር ነው።

ስለዚህ ጎራዴ ይዞ ወደ ብረት ሠራተኛ የሚሄድ ሰው ለምን ሊጠቀምበት እንደሚፈልግ በግልጽ ይንገረው፤ እጀታውን ፈትቶ እንዲያይለትም ይጠይቀው። ‹‹ይህ አይሳልም›› ብሎ የሚመልሰውን ባለሙያ ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ብሎ ከሚስለው አብልጦ ይመነው። በሥራም ሆነ በልምምድ ስለት የቆረጠው ሰው ደግሞ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ደሙን ያቁም፤ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ያጥበውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲታይለት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።