ከኮከብ እስከ ልጅዎ ጥርስ

ልጅዎ የወለቀች የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ከመወርወሩ በፊት እስኪ አንድ ጊዜ በመዳፍዎ ይያዟት። ያቺን ትንሽ ጥርስ ያጠነከራት ካልሲየም ብቻ አይደለም፤ ፎስፈረስም አለባት። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 700 ግራም ያህል ፎስፈረስ ሲኖር 85 በመቶ የሚሆነው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዲኤንኤም ያለ እርሱ አይያያዝም።

ታዲያ ከየት መጣ? ፎስፈረስ የሚፈጠረው በግዙፍ ከዋክብት ውስጥ ነው። በሕዋ ግን ከኦክስጅንና ከካርቦን አንጻር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ወደ ምድር የደረሰበት መንገድ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል።

አንዱ ፍንጭ ፎስፈረስ ሞኖክሳይድ ነው፤ አንድ የፎስፈረስና አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ያለው ቀላል ሞለኪውል። በሕዋ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ግዙፍ ኮከብ ዙሪያ ሲገኝ ነው። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ በቺሊ አታካማ በረሃ ባለው አልማ ቴሌስኮፕ አማካይነት፣ አዳዲስ ከዋክብት በሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ መኖሩን አሳየ። ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር ከ2014 እስከ 2016 በቅርበት ያጠናቻት ጅራታም ኮከብም የዚሁ ሞለኪውል ምልክት ተገኝቶባታል። እንዲህ ያሉ ጅራታም ከዋክብት ገና ሕይወት ያልነበረባትን ምድር ሲመቱ ፎስፈረስ ይዘውላት መጥተው ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከምስር እናገኘዋለን። የወተት ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው ገና በማህፀን ነውና፣ በመዳፍዎ ካለው ፎስፈረስ ከፊሉ እናቱ በእርግዝናዋ ከተመገበችው የመጣ ነው። ልጅዎ «ከየት መጣሁ?» ብሎ ሲጠይቅዎ ታሪኩን ከኮከብ ቢጀምሩለት አልዋሹትም።