የስዊዝ ቦይ፦ ከአራዳ ገበያ እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚደርስ ተጽዕኖ

የአየር ትራንስፖርት ባልተስፋፋበት ዘመን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ኢየሩሳሌም ወይም ወደ አውሮፓ ይጓዝ የነበረ መንገደኛ ቀይ ባሕርን ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሻገረ በኋላ የሚደርሰው ከአንድ ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ ነበር። ይህም የሜዲትራኒያንን ባሕር ከቀይ ባሕር ጋር የሚያገናኘው የስዊዝ ቦይ ነው። ቦዩ ከኢትዮጵያ ድንበር እጅግ ርቆ የሚገኝ ቢሆንም፣ ባለፉት አንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በሀገሪቱ ንግድና ፖለቲካ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው።

በፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ በተመራ ኩባንያ አማካይነት ለአሥር ዓመታት ሲቆፈር የቆየው ቦይ ለአገልግሎት ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ ኅዳር 17 ቀን 1869 ነበር። ቦዩ በሰሜን ከፖርት ሰዒድ ተነስቶ በደቡብ ስዊዝ ከተማ አጠገብ ያበቃል። በተለያዩ ጊዜያት ከተደረጉለት ማስፋፊያዎች በኋላ ርዝመቱ 193 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ከፓናማ ቦይ በተለየ ሁኔታ መርከቦችን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውኃ በሮች የሉትም፤ ምክንያቱም የሁለቱ ባሕሮች ከፍታ ተቀራራቢ ነው። መርከቦች በቦዩ መሪዎች እየታገዙ፣ በተርታ ተሰልፈው ከ12 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋሉ። ቦዩ ባይኖር ኖሮ ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ አፍሪካን በሙሉ መዞር ግድ ይሆንበት ነበር።

የቦዩ መከፈት ቀይ ባሕርን ከዳር መንገድነት ወደ ዓለም ዋና የንግድ ጎዳናነት ለውጦታል። በዚህም ሳቢያ የባሕሩ ዳርቻ በኃያላን መንግሥታት ዓይን ውስጥ ገባ። የጣሊያኑ ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብን ለመግዛት የተዋዋለው ቦዩ በተከፈተበት በዚያው ወር ነበር። የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ኅዳር 1868 ዓ.ም በጉንደት የግብጽን ጦር ድል ባደረገበት ወር ደግሞ፣ በዕዳ የተጨነቀው የግብጹ ገዥ እስማኤል ፓሻ የቦዩን የአክሲዮን ድርሻውን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጧል። በ1888 ዓ.ም በዓድዋ ድል የተመታው የጣሊያን ጦር ከሀገሩ ወደ ምጽዋ የተጓጓዘውም በዚሁ መንገድ ነበር።

በአዲስ አበባ ይህ ለውጥ በግልጽ ይታይ የነበረው በአራዳ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተዘርግቶ በነበረው ገበያና በዙሪያው በነበሩት የህንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መደብሮች የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር። መገበያያ የነበረው ማርትሬዛ ብር የተቀረጸውም በአውሮፓ ነበር። በ1898 ዓ.ም የተቋቋመው የሀገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ የተመሠረተው በግብጽ ብሔራዊ ባንክ አማካይነት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ቀደም ሲል በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ። አራዳ፣ ጅቡቲና ስዊዝም በአንድ መስመር ተሳሰሩ።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም ከመኳንንቱ ጋር የጀመሩት የአውሮፓ ጉብኝት ይህንኑ መስመር የተከተለ ነበር። ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ሰሜን ተጉዘው ግብጽንና ኢየሩሳሌምን ከጎበኙ በኋላ ወደ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደንና አቴንስ ተሻግረዋል። በኢየሩሳሌም ያገኟቸውና ተስማምተው ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነዋል። አሠልጣኛቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል።

ከአሥራ ሁለት ዓመታት በኋላ የተደረገው ጉዞ ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት ወቅት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችንና ከፍተኛ መጠን ያለው የጦር መሣሪያ በስዊዝ ቦይ በኩል አሳልፋለች። የቦዩ ኩባንያም የሚገባውን ክፍያ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ በ1888 በቁስጥንጥንያ የተፈረመው ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም ሀገር መርከብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። በሌላ በኩል የመንግሥታት ማኅበር ወራሪውን በማዕቀብ የመቅጣት ግዴታ ነበረበት። ማኅበሩ እ.ኤ.አ በኅዳር 1935 የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ያላካተተ ሲሆን፣ ቦዩም አልተዘጋም። አካባቢውን በጦር ኃይሏ ትቆጣጠር የነበረችው እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ውስጥ ላለመግባት መምረጧ ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ነበር።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም በባቡር ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሃይፋ ደረሱ። ለጠላት ጦር ክፍት ሆኖ የቆየውን ቦይ በስደት አቋርጠውታል። በቦዩ አልፎ የመጣው ወራሪ ደግሞ የአራዳን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረ፤ ለአራዳ መሀልም በቋንቋው አደባባይ የሚል ትርጉም ያለውን «ፒያሳ» የሚል መጠሪያ ትቶ አለፈ።

ከዚያም ወዲህ ቦዩ ለኢትዮጵያ ያለው አስፈላጊነት አልቀነሰም። ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር እ.ኤ.አ በሐምሌ 1956 ቦዩን የግብጽ ሀብት ካደረጉ በኋላ በተነሳው ጦርነት ለወራት ተዘግቷል። እ.ኤ.አ በ1967 በተካሄደው የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ምክንያት ደግሞ ለስምንት ዓመታት አገልግሎት አልሰጠም፤ በውስጡ ተይዘው የቀሩ መርከቦችም እስከ 1975 ድረስ መውጣት አልቻሉም። በዚያ ወቅት የጅቡቲ ወደብ እንቅስቃሴ በእጅጉ ተዳክሞ ነበር። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለች 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ በቦዩ ውስጥ ተሰንቅራ ለስድስት ቀናት መተላለፊያውን ስትዘጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ተራ ለመጠበቅ ተገድደዋል።

አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል መሆኑ ይታወቃል። ከቻይና፣ ከህንድና ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚመጣ ዕቃ የስዊዝን ቦይ አይነካም። ከአውሮፓ፣ ከጥቁር ባሕር ወደቦችና ከሞሮኮ የሚጫነው ግን በዚያ ማለፍ የተለመደ ነው። ከሞሮኮ የሚገዛው የአፈር ማዳበሪያ እና ወደ ጀርመን የሚላከው ቡና ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። እ.ኤ.አ በነሐሴ 2022 ከዩክሬን 23 ሺህ ቶን የዕርዳታ ስንዴ ለኢትዮጵያ የጫነችው «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ ጉዞዋን በሁለት ሳምንት አጠናቃ ጅቡቲ ለመድረስ የቻለችው ቦዩ ክፍት ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብ አለ። የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ወጣ ብሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። በመሆኑም ከሰሜን የሚመጣ መርከብ ሁለት በሮችን ማለፍ ይኖርበታል፤ ስዊዝ ቢከፈትም ባብ ኤል መንደብ አስጊ ከሆነ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በየመን የሁቲ ኃይሎች በንግድ መርከቦች ላይ በከፈቱት ጥቃት የታየውም ይኸው ነበር። በርካታ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞርን በመምረጣቸው በአውሮፓና በእስያ መካከል የሚደረገው ጉዞ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቋል፤ የመድን ዋጋም ንሯል። የስዊዝ ቦይ ዓመታዊ ገቢም እ.ኤ.አ በ2024 ከግማሽ በላይ አሽቆልቁሏል።

የግዥ ዕቅድ ለሚያዘጋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የዕርሻ ወቅት ጠብቆ መድረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ ለጤና ተቋማት የሚያስፈልግ መድኃኒትና የፕሮጀክት መሣሪያ ሲታዘዝ ዕቃው የሚነሳበት ወደብና የሚያልፍበት መንገድ ከዋጋው እኩል ሊታይ ይገባዋል። የማጓጓዣ ጊዜ ሲሰላ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ብቻ ሳይሆን ዙሪያ ጥምጥም የሚኬድበትንም ሁኔታ ታሳቢ ማድረግ ያሻል። የቦዩ ቁልፍ በኢትዮጵያ እጅ ሆኖ አያውቅም፤ አስቀድሞ መዘጋጀት ግን በሀገሪቱ ተቋማት እጅ ያለ ጉዳይ ነው።