ሞቆትም አምሮበትም፦ የደጋው አባወራ አለባበስ

ስለ እህቶች አለባበስ በየጉባኤውና በየመጽሔቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወንድሞች አለባበስ ግን እምብዛም አይነገርም። ወንድ ያገኘውን ጣል አድርጎ ይወጣል፣ ብርዱንም በወንድነቱ ይችለዋል ተብሎ ይታሰባል። በደጋ አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ አስተሳሰብ ጉዳት አለው። ቀኑን ሙሉ በብርድ ተኮራምቶ የዋለ ሰው ሥራው አይሳካለትም፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባም ከልጆቹ ጋር ለመጫወት ጉልበት አይቀረውም።

በሌላ በኩል ልብስ ደራርቦ ሙቀት ያገኘ፣ ነገር ግን ሸሚዙ ከሹራቡ ሥር ተንጠልጥሎ፣ የኮቱ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖ የሚሄድ ወንድም አለ። ሚስቱ ‹‹እንዲህ ሆነህ ነው የምትወጣው?›› ስትለው ‹‹ታዲያ ብርድ ይግደለኝ?›› ይላታል። ለመሆኑ ከሙቀትና ከማማር አንዱን መምረጥ ግድ ነውን? ግድ አይደለም። ሙቀት የሚገኘው ከልብሱ አደራረብ ነው፤ ማማርም የሚገኘው ከልኩና ከንጽሕናው ነው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የባልና ሚስትን ምክክር ግን ይጠይቃሉ።

የሉማሜ ብርድ ሁለት ዓይነት ነው

የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው የዚያን መንገድ ጠባይ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአባይ በረሃ ኮቱን ያወልቃል፤ ደጀንን አልፎ ደጋውን ሲይዝ መልሶ ይለብሳል። አንድ ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው በዓመት ሁለት ዓይነት ብርድ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የክረምቱ ብርድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ፣ ጭቃውና ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይለቁም። ሁለተኛው ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ብርድ ነው። ‹‹በጥቅምት አንድ አጥንት›› የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልመጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ የሚይዝላት ደመና የለም። ሌሊቱና ማለዳው አጥንት ይሰብራል፤ በከፍተኛው ቦታ ውርጭ ይጥላል። ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

ይህን ያነሣነው ብዙ ሰው በልብስ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወፍራም ጃኬት የተሠራው ቀኑን ሙሉ በበረዶ ላይ ለሚሄድ ሰው ነው። በሉማሜ ማለዳ ደስ ያሰኛል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግን በክንድ የሚሸከሙት ዕቃ ይሆናል። የእኛ ደጋ የሚፈልገው እንደ ቀኑ ጠባይ የሚወልቅና የሚደረብ ልብስ ነው።

ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ይጠብቃል

ሙቀቱ የሚመነጨው ከራሳችን ሰውነት ነው። የልብስ ሥራ ያንን ሙቀት እንዳያመልጥ መያዝ ነው፤ የሚይዘውም በድርቦቹ መካከልና በክሩ ውስጥ ባለው አየር ነው። እናቶቻችን ይህን ሳይንስ በትምህርት ቤት ባይማሩትም በእጃቸው ያውቁታል። ጥጡን ዳምጠው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ ይሰጡታል፤ ጋቢውም አራት ድርብ ሆኖ ይሠራል። አንድ ወፍራም ጨርቅ ከመሆን ይልቅ አራት ድርብ መሆኑ በመካከሉ አየር እንዲይዝ ያደርገዋል። ኮትና ሹራብም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ሁለት መጠነኛ ልብሶች ተደርበው ብዙ ጊዜ ከአንድ ከባድ ልብስ ይበልጣሉ።

ጥጥ ግን አንድ ድክመት አለው፤ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ስለዚህ ክረምት ላይ ጋቢን ለዝናብ ማጋለጥ ሰውየውን ከማሞቅ ይልቅ ያበርደዋል። ሱፍ በዚህ ከጥጥ ይሻላል፤ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰዎች ከበጎቻቸው ፀጉር ባናና ዝተት የሚሠሩት፣ የጥንት መኳንንትም የሱፍ በርኖስ ይደርቡ የነበረው ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ ሦስት ድርብ ይበቃል፦

1. ከገላ የሚገናኘው ንጹሕና ደረቅ ካናቴራ፤
2. ሙቀት የሚይዘው ሹራብ፣ በተለይ የሱፍ ሹራብ፤
3. ነፋስና ዝናብ የሚከለክለው ካፖርት ወይም ጃኬት።

ሸሚዝና ኮት ለሚለብስ ወንድም አንገቱ እንደ ‹‹ቪ›› የተከፈተ ስስ ሹራብ በሸሚዙና በኮቱ መካከል ይገባለታል። ክራቫቱ ይታያል፣ ኮቱም አያብጥም። ወፍራም ሹራብ ከኮት ሥር ሲለበስ ግን ቁልፉ ይወጠራል፣ ክንድ አይታጠፍም፤ ተጨፍልቆም አየር ስለማይይዝ የታሰበውን ያህል አያሞቅም። ካልሲም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ካልሲ በጠባብ ጫማ ውስጥ ሲጨናነቅ እግሩን ይብስ ያቀዘቅዘዋል።

ማማር ከየት ይመጣል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው አቤቱታ ሲያሰሙ፣ ከነጭ ልብሳቸው ላይ ጥቁር ካባ ደርበው ነበር። ያን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ግርማ ሞገሳቸውን አይረሳም። ነጩና ጥቁሩ እርስ በርስ ተጎላልተዋል፤ ዝንጉርጉር ነገር የለበትም።

እንዲህ ያለው ማማር ለማንኛውም አባወራ ቅርብ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካፖርት ከነጭ ሸሚዝ ላይ ያምራል። በጥቁር ሙሉ ልብስ ላይ በወግ የተደረበ ንጹሕ ነጭ ጋቢም ያምራል፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት ሽማግሌዎቻችን ለብሰውት እናያለን። ‹‹ጋቢ የገጠር ነው›› ብሎ የሚያፍር ወጣት የሚያፍረው በአባቱ ክብር ነው። አንድ ካፖርት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ከሁሉም ሱሪ ጋር የሚስማማ አንድ ቀለም ይምረጥ፤ የሚያብረቀርቀውና ጽሑፍ የሞላበት ቶሎ ይሰለቻል።

ከቀለም የሚበልጠው ልክ ነው። ኮት ወይም ካፖርት ስትገዛ አስቀድመህ ትከሻውን ተመልከት፤ ስፌቱ በትከሻህ ጫፍ ላይ ይረፍ። እጅጌው የረዘመ እንደ ሆነ፣ ወገቡም የሰፋ እንደ ሆነ የሰፈር ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፤ ትከሻን ማስተካከል ግን አስቸጋሪ ነው። ካፖርት ስትለካ ከሥሩ ኮትህን ልበስ፤ አለዚያ ቤት ስትደርስ አልገባ ይልሃል። ካፖርቱ ከኮቱ ይርዘም፤ የኮቱ ጫፍ ከሥር ብቅ ካለ አያምርም፣ ብርድም ያስገባል። ልኩ የሆነ ያገለገለ ካፖርት ልኩ ካልሆነ አዲስ ካፖርት ይበልጣል።

የአንድ መምህር ቀን

ለምሳሌ ያህል በሉማሜ የሚያስተምር አንድ መምህር እናስብ፤ ወሩ ኅዳር ነው። ማለዳ ከቤት ሲወጣ ካናቴራ፣ ሸሚዝ፣ ስስ ሹራብ፣ ኮትና ካፖርት ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሟል። ክፍል ሲገባ ካፖርቱን ይሰቅላል። ረፋዱ ላይ ሹራቡን ያወልቅና በኮትና በሸሚዝ ያስተምራል፤ አሁንም መምህር ይመስላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሹራቡን መልሶ ይለብሳል፤ ማታ ቤቱ ሲደርስ ኮቱን ሰቅሎ ጋቢውን ይደርባል። የወፈረ ጃኬት ብቻ ያለው ጓደኛው ግን ወይ በላብ ይጠመቃል ወይ ይንቀጠቀጣል። በላብ የረጠበ ካናቴራ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብርዱን ያብሰዋል።

ሐምሌ ላይ ይኸው መምህር ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ጃንጥላና ለጭቃው ቦቲ ያስፈልገዋል። የቆዳ ጫማውን በፌስታል ይዞ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቢቀይር አያሳፍረውም። የረጠበ የቆዳ ጫማ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በጥላ ይድረቅ፤ ከእሳት ዳር ከተቀመጠ ይሰነጠቃል።

ንጽሕናው ቸል አይባል

በብርድ ጊዜ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ፣ ልብሱም ቶሎ ስለማይደርቅ ማጠብ ይዘገያል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሰውነት ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፈውም እርሱ ነው። ሰው ልብስ ደራርቦ፣ ተጠጋግቶ በሚተኛበት የደጋ ብርድ ይህ ተባይ ይመቸዋል። የጥጥ ልብስ በፈላ ውሃ ይቀቀል፤ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ። ያገለገለ ልብስ ከገበያ ሲገዛም ይህ ሳይደረግ አይለበስ። ሱፍ በፈላ ውሃ ስለሚሸበሸብ በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ። ተባይ ከተጠረጠረበት ደግሞ በላስቲክ ታስሮ ሳይለበስ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ቅማል የሰው ደም ሳያገኝ ያን ያህል አይኖርም።

አንድ ነገር እንጨምር። የልብስ እጥረት ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ በከሰል ይሞቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቤተ ሰብን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ሊገድል ይችላል። ከመኝታ በፊት ከሰሉ ይውጣ፤ ለሌሊቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደረብ።

ካፖርቱ የማን ጉዳይ ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም ታስሮ ሳለ በመጨረሻው መልእክቱ ጢሞቴዎስን ከለመነው ነገር አንዱ በጢሮአዳ፣ በአክርጳ ዘንድ የተወው መደረቢያ ነው (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልብስ በርኖስ ይለዋል። ጥቂት ዝቅ ብሎም ክረምት ሳይገባ እንዲመጣለት ይማጸነዋል (ቁ. 21)። ያ ታላቅ የእምነት ሰው ‹‹ይበርደኛል›› ለማለት አላፈረም። ብዙ ባሎች ግን ለሚስቶቻቸው ይህን አይናገሩም። መስከረም የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ አባት ‹‹የእኔ ይቆይ›› ይላል፤ ‹‹ይቆይ›› እየተባለም አምስት ዓመት ያልፋል።

እህቴ ሆይ፣ የባለቤትሽን ልብስ አንድ ቀን አውጥተሽ ተመልከቺው። ቁልፉ የረገፈ፣ ገበሩ የተቀደደ ካፖርት በጥቂት ብር ይታደሳል። በምሳሌ 31 ላይ ያለችው ሴት እንዝርት ይዛ ትሠራለች፤ ቤተ ሰቧን አልብሳለችና ስለ ብርዱ አትሰጋም። ከዚያው ቀጥሎ ባሏ በሽማግሌዎች መካከል የታወቀ መሆኑ ተጽፏል። ሙቀቱና ክብሩ በአንድ ምዕራፍ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ሚስትህን ተመልከት። ባል ካፖርትና ስካርፍ ለብሶ ሲወጣ፣ ሚስት በስስ ነጠላ ማለዳ ውሃ የምትቀዳ ከሆነ፣ የዚያ ሰው ካፖርት የቱንም ያህል ቢያምር አለባበሱ አላማረም። ያዕቆብ በመልእክቱ (2፥15-16) የታረዘውን ሰው ‹‹ይሙቅህ›› ብሎ በባዶ እጅ ስለሚያሰናብት ወንድም ይናገራል። ይህ ቃል ከጎረቤት በፊት ለገዛ ቤታችን ይሠራል።

ዕቅዱ ቀላል ይሁን። ሁሉን በአንድ ዓመት መግዛት አይቻልም። ዘንድሮ ለአንዱ ሹራብ፣ ለሌላው ካፖርት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በተራ። ገበሬው እህሉ ገበያ ሲወጣ፣ ደመወዝተኛውም በየወሩ ጥቂት እየቆጠበ ወይም ዕቁብ ገብቶ፣ ብርዱ ሳይደርስ ይዘጋጅ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በቤታችን በብርድ የሚቸገረው ማን ነው? ነግሮን ያውቃል?
2. ካለን ልብስ መካከል በልብስ ሰፊ እጅ የሚታደስ የትኛው ነው?
3. በዚህ ዓመት መጀመሪያ የሚገዛው የማን ይሁን? ለምን?
4. ሳንለብሰው የተቀመጠና ሌላውን የሚያሞቅ ልብስ አለን? ለማን እንስጠው?

ዛሬ ማታ ጋቢያችሁን ደርባችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተነጋገሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።